የከረመ ክሊር ለሞተር ብስክሌት ዕድሳት ይበጃልን?

መኪና በሚቀባበት ጋራዥ ሁሉ፥ በግድግዳው ጥግ ወይም በመደርደሪያው ላይኛ እርከን፥ ከአንድ ሥራ ተርፎ ለሌላ ሥራ የተቀመጠ፥ ክዳኑ በደረቀ ቅብ የተጣበቀ፥ ጽሑፉ በቲነር ጠብታ የደበዘዘ አንድ ጣሳ አይታጣም። ባለቤቱ መቼ እንደ ገዛው አያስታውስም፤ ሊጥለውም እጁ አይታዘዝለትም፤ ሠራተኞች በአጭር ቃል «ክሊር» የሚሉት ይህ ብሩህ ቅብ ከቀለሙ በላይ ተረጭቶ ኅብሩን የሚያጐላ፥ ከፀሐይና ከዝናብም የሚጠብቅ፥ በቀለም መደብር ውስጥ በዋጋ ከሚከበሩት ዕቃዎች አንዱ ነውና። ከዕለታት ባንዱ ታዲያ አንድ ሰው የሞተር ብስክሌቱን ታንከር፥ የጎን ክዳኖቹንና ፓራፋንጎዎቹን በማዳበሪያ ከትቶ ያመጣል፤ ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የተበጠበጠ ክሊር ከአንድ ሊትር እምብዛም የማያልፍ በመሆኑ፥ የቀለም ሠሪው ዐይን ወደዚያ ወደ ከረመው ጣሳ መዞሩ አይቀርም። «አሮጌውን ብንጨርስበት ምን አለበት?» የሚለው ጥያቄ የሚወለደው እንዲህ ከትርፍ ዕቃና ከትንሽ ሥራ መገናኘት ነው።

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በሁለት ወገን የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን፥ ክሊር እንደ ማር ያለ ነገር ነው፥ ጣሳው እስካልፈሰሰ ድረስ ዓመት አያበላሸውም ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ በጣሳው ላይ የተጻፈው ጊዜ ካለፈ ሳይመረመር ይደፋ ብሎ ይፈርዳል። ሁለቱም ወገኖች ያዩትን ይመሰክራሉ እንጂ አልዋሹም፤ ስሕተታቸው ግን አንድ ያልሆነውን ጥያቄ እንደ አንድ ቈጥረው መመለሳቸው ላይ ነው። ነገሩን ረጋ ብሎ ለመረመረ ሰው ይህ ጥያቄ ሦስት ጥያቄዎችን በውስጡ ይዟል፤ መጀመሪያ፥ ክሊሩ ከየትኛው ወገን ነው? ሁለተኛ፥ ያረጀው የትኛው ጣሳ ነው? ሦስተኛ፥ የሚቀባው አካል የቱ ነው? የዚህ ዳሰሳ ዓላማም ሦስቱን በየተራ መርምሮ ፍርዱን ለየብቻ መስጠት ነው።

የነገሩ ጥንት

ጥቂት ወደ ኋላ ብንመለስ፥ መኪናም ሞተር ብስክሌትም በመጀመሪያ ዘመናቸው የሚቀቡት እንደ ሠረገላ ከዘይትና ከሙጫ በተዘጋጀ ቫርኒሽ፥ በብሩሽ፥ ድርብ በድርብ ነበር፤ አንዱ ድርብ ደርቆ ሌላው እስኪከተለው ቀናት ስለሚያልፉም፥ አንድ መኪና ቅቡ ተፈጽሞ ከፋብሪካ እስኪወጣ ሳምንታት ይቈይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር ተባብሮ «ዱኮ» የተባለውን የናይትሮሴሉሎስ ላከር ባወጣና የ1924 ሞዴል የኦክላንድ መኪናዎች በእርሱ ተቀብተው በታዩ ጊዜ፥ ሳምንታት ይወስድ የነበረው ሥራ ወደ ሰዓታት ዐጠረ። ይኸው ላከር ግን ፈጥኖ የሚደርቀው ቲነሩ ስለሚተንለት ብቻ ነበርና፥ ፈጥኖ የደረቀውን ያህል በቤንዚን ጠብታ ፊት ደካማ ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1937 በጀርመን አገር በሌቨርኩዘን ከተማ ኦቶ ባየርና የሥራ ጓዶቹ ያገኙት የፖሊዩሬታን ጥበብ፥ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ መኪና ቅብ ተሸጋግሮ፥ ዛሬ በየጋራዡ የሚገኘውን ባለ ሁለት ጣሳ ክሊር ወለደ፤ ቀለሙን በታች፥ ብሩሁን ቅብ በላይ ለይቶ የመቀባቱ ሥርዓትም በ1980ዎቹ በመኪና ፋብሪካዎች ዘንድ ተስፋፋ።

ሞተር ብስክሌት ወደዚህ ሥርዓት የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። የጃፓኑ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቢ 750 የተባለውን ሞተር ብስክሌት ይዞ ሲቀርብ፥ ታንከሩ «ካንዲ» በተባሉት፥ ብርሃን አሳልፈው ከሥራቸው ያለውን የብረት ብልጭታ በሚያሳዩ ኅብሮች የተዋበ ነበር። እነዚህ ስስ ኅብሮች በፀሐይ ፊት ለመፍዘዝ የተጋለጡ ስለ ሆኑ፥ በላያቸው የሚሆነው ብሩህ ቅብ ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ለጥበቃም ነው። ስለዚህ አንድ ሰው አሮጌ ሞተር ብስክሌት አድሳለሁ ብሎ በተነሣ ጊዜ፥ የክሊሩ ነገር የመጨረሻ ሥራ ቢሆንም የመጨረሻ ሐሳብ ሊሆን አይገባውም።

ውላጤና ሚጠት

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን በትምህርታቸው የሚያዘወትሯቸውን ሁለት ቃላት፥ ማለት መለወጥን የሚያመለክተውን ውላጤንና መመለስን የሚያመለክተውን ሚጠትን፥ ለዚህ ለምድራዊ ሥራ በትሕትና ብንዋሳቸው፥ የክሊርን ሁለት ወገኖች ከማናቸውም ሌላ ቃል ይልቅ አጥርተው ይለዩልናል።

የመጀመሪያው ወገን ባለ አንድ ጣሳ ክሊር ነው። ይህ ክሊር የሚደርቀው በውስጡ ያለው ቲነር ስለሚተን ብቻ ነው፤ ቲነሩ ሲሄድ የሚቀረው ሙጫ ቀድሞም በጣሳው ውስጥ የነበረው ያው ሙጫ ነውና፥ ምንም ውላጤ አልተደረገበትም። ውላጤ ስላልተደረገበትም ሚጠት አለበት፤ ከደረቀ ከዓመት በኋላ እንኳ ቲነር የነካው ጨርቅ ቢያሹበት ይቀልጣል፥ ቤንዚን ቢንጠባጠብበት ይለሰልሳል፥ ይጨማደዳልም።

ሁለተኛው ወገን ባለ ሁለት ጣሳ ክሊር ነው። በአንደኛው ጣሳ ያለው የአክሪሊክ ሙጫ፥ በሁለተኛው ጣሳ ያለው ደግሞ ሠራተኞች «ሃርድነር» የሚሉት፥ አይሶሳያኔት የተባለውን ንጥረ ነገር የያዘው ማጽኛ ነው። ሁለቱ እንደ ዓይነቱ 2 ለ1 ወይም 4 ለ1 በሆነ ልክ ሲዋሐዱ፥ የሙጫው ዘንግ ከሙጫው ዘንግ ጋር በማጽኛው ድልድይ እየተሳሰረ፥ ቀድሞ ያልነበረ አንድ አዲስ አካል ይሆናል። በዚህ ውላጤ አለ፤ ሚጠት ግን የለም። በሚገባ የጸና ባለ ሁለት ጣሳ ክሊር በቲነር አይፈታም፥ ቤንዚንም አያለሰልሰውም፤ ለሞተር ብስክሌት ታንከር የተመረጠበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር አንባቢ በልቡናው እንዲይዘው እለምናለሁ፤ የጽሑፉ ሁሉ ምሰሶ እርሱ ነውና። በባለ ሁለት ጣሳ ክሊር ውስጥም ቲነር አለ፤ ስለዚህ ማጽኛው በእርጅና ኀይሉን ያጣ ቢሆን እንኳ ቲነሩ ይተናል፥ ገጹ ይደርቃል፥ እንደ መስተዋትም ያበራል። መድረቅና መለወጥ በዐይን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የሚገለጠው ቤንዚን፥ ፀሐይና ጊዜ በፈተኗቸው ዕለት ብቻ ነው። አሮጌ ክሊር ብዙ ሰዎችን የሚያሳስተው በመጀመሪያው ቀን ሐሰቱን ስለማያሳይ ነው።

የሁለቱ ጣሳዎች እርጅና

ባለ አንድ ጣሳው ክሊር በእርጅና ብዙ አይጐዳም፤ ቢወፍር ተስማሚ ቲነር ይመልሰዋል፤ ድካሙ ከእርጅና የመጣ ሳይሆን አብሮት የተፈጠረ ነውና፥ አዲሱም አሮጌውም በታንከር ላይ እኩል አይታመኑም። ሰፊው ነገር ያለው በባለ ሁለት ጣሳው ዘንድ ነው፤ በዚያም ሁለቱ ጣሳዎች እኩል እንደማያረጁ ማወቅ ያስፈልጋል።

የሙጫው ጣሳ ትዕግሥተኛ ነው። ብዙዎቹ አምራቾች ሳይከፈት በቀዝቃዛና በደረቅ ቦታ ለተቀመጠ ሙጫ ከ2 እስከ 3 ዓመት የሚደርስ ዕድሜ ይሰጡታል፤ ከዚያ በላይ የቈየውም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚደርስበት ጉዳት የቲነሩ መትነን፥ የራሱ መወፈርና በአፉ ላይ ቆዳ ማውጣት ነው። ቆዳው ተነሥቶ በወንፊት ከተጣራና በሚገባ ከተማሰለ ወደ ሥራ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። ደብዛዛ ክሊር የሆነ እንደ ሆነ ግን ብርሃኑን የሚሰብረው ደቃቅ የሲሊካ ዱቄት በጣሳው ግርጌ ስለሚዘቅጥ፥ ሳይማሰል ከላይ ከላይ የተቀዳው አንዱን የጎን ክዳን አብሪ፥ ሁለተኛውን ደብዛዛ ያደርገዋል። እንደ ሊጥ የጓጐለ፥ ክር የሚስብ ወይም የጣሳው ዝገት የገባበት ሙጫ ግን ምሕረት የለውም።

የማጽኛው ጣሳ ጠባይ ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው። በውስጡ ያለው አይሶሳያኔት የሙጫውን ያህል፥ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ከእርሱ በፊት፥ ውሃን ይሻል፤ ውሃውን የሚያገኘው ደግሞ ከዝናብ ሳይሆን ክዳኑ በተከፈተ ቍጥር ከሚገባው እርጥብ አየር ነው። ከውሃ ጋር በተገናኘ ጊዜ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ እያወጣ ነጭ፥ የማይሟሟ ዝቃጭ ወደ መሆን ይለወጣል፤ ማለት ውላጤው በታንከሩ ላይ ሊፈጸም ሲገባው በጣሳው ውስጥ ተፈጽሞ ያልቃል። ስለዚህ ማጽኛው ሳይከፈት እንኳ ብዙ ጊዜ ከሙጫው ያነሰ ዕድሜ ይጻፍለታል፤ ከተከፈተ በኋላማ በግማሽ ጎድሎ የቈየ ጣሳ በባዶው ግማሽ የያዘው አየር ጠላቱን ከቤቱ እንዳሳደረ ያደርገዋል።

ምልክቶቹ ለሚያስተውል የተሰወሩ አይደሉም። ጤነኛ ማጽኛ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው፤ የታመመው እንደ ጕሽ ጠጅ ይደፈርሳል፥ በጣሳው አፍ ነጭ ፍርፋሪ ያወጣል፥ እየወፈረም ይሄዳል። ጣሳው ራሱ ሆዱ ተነፍቶ፥ ክዳኑ ሲላቀቅ «እስስ» ብሎ ጋዝ ቢያወጣ፥ ይህ በውስጡ የተደረገው ለውጥ ምስክር ነው፤ እንዲህ ያለውን ጣሳ ፊትን አርቆ ካልሆነ በቀር መክፈት አይገባም። ጥቂት ቢጫነት ብቻውን ሞትን ባያመለክትም፥ በነጭ ቀለም ላይ ለሚውል ክሊር ግን በቂ የመተው ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሦስተኛ ወገን አለ፤ እርሱም ቲነሩ ነው። በገበያ በርካሽ የሚሸጠው የናይትሮ ቲነር አልኮል የሚቀላቀልበት ጊዜ አለ፤ አልኮልም እንደ ውሃ ሁሉ ማጽኛውን ለራሱ ስለሚሻማ፥ የወፈረን አሮጌ ክሊር ለማቅጠን ያገኙትን ቲነር ማፍሰስ ያልሞተውን ማጽኛ በገዛ እጅ መግደል ነው። ለዩሬታን ክሊር የተዘጋጀ ቲነር ብቻ ይገባዋል።

በየጋራዡ ልማድ የሆኑትን ሁለት የተሳሳቱ ፈውሶችም አብረን እናንሣ። የመጀመሪያው፥ ማጽኛው ደክሟልና እጥፍ አድርገን እንጨምርበት የሚለው ነው፤ ይህ የጎደለውን ኀይል አይመልስም፥ የሞተውን ዝቃጭ በእጥፍ ወደ ቅቡ ያስገባል እንጂ። ሁለተኛው የሌላ አምራች ማጽኛ መዋስ ነው፤ በእያንዳንዱ ማጽኛ ውስጥ ያለው የአይሶሳያኔት መጠን ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፥ ልኩ 2 ለ1 የሆነውን በ4 ለ1 ቦታ ማግባት በአንዱ ሰው ቁመት ለሌላው ልብስ እንደ መስፋት ያለ ነው። ስለሚረጭ ጣሳም አንድ ቃል ብቻ እንበል፤ ከሥሩ ያለው አዝራር ሲጫን ማጽኛው በውስጡ የሚለቀቅለት ባለ ሁለት ክፍል ጣሳ፥ ከተለቀቀ በኋላ ዕድሜው እንደ ዓይነቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ስለ ሆነ፥ ባለፈው ወር ተከፍቶ የተረፈ ካለ አሮጌ ክሊር ሳይሆን ሬሳ ነው።

ፈተናው

ጥርጣሬ የሚወገደው በክርክር ሳይሆን በፈተና ነውና፥ የከረመን ክሊር ለመጠቀም የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ጥቂት ቀን መታገሥ ነው። ልኩ 2 ለ1 ከሆነ 20 ሚሊ ሊትር ሙጫ ከ10 ሚሊ ሊትር ማጽኛ ጋር በንጹሕ ብርጭቆ ይበጥብጥ፤ ድፍርስ ወይም ፍርፋሪ ከታየ ፈተናው እዚያው አለቀ። ጠርቶ ከተገኘ፥ ከፊሉን እንደ ታንከሩ ተዘጋጅቶ ቀለም በተቀባ የቆርቆሮ ቍራጭ ላይ ይርጨው፥ የተረፈውንም በብርጭቆው ይተወው። በማግስቱ በብርጭቆው ያለው ጠንክሮ መገኘት አለበት፤ እንደ ሙቅ የሚወዛወዝ ወይም የሚያጣብቅ ከሆነ ማጽኛው ደክሟል።

በቆርቆሮው ላይ ያለው ደግሞ ቢያንስ 7 ቀን ይጠበቅለት፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ባለ አየር ክሊር ሙሉ ጽናቱን የሚያገኘው በዚህ ያህል ጊዜ ነው። ከዚያ በቤንዚን የራሰ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ይቀመጥበት፤ ጨርቁ ሲነሣ ገጹ ከደበዘዘ፥ ከለሰለሰ ወይም በጥፍር ከተጫረ፥ ያ ክሊር ደርቋል እንጂ አልተለወጠም። ቀጥሎ በምላጭ እንደ ወንፊት የተጠላለፈ መስመር ተሠርቶ፥ ፕላስተር ተለጥፎበት በኀይል ይነቀል፤ ቅቡ ከፕላስተሩ ጋር ከመጣ፥ ጉድለቱ በመያዙ ላይ ነው። ፈተናውን የወደቀ ሰው ተስፋ አይቍረጥ፤ ያንኑ አሮጌ ሙጫ ከዚያው አምራች በተገዛ አዲስ ማጽኛ ድጋሚ ይፈትነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ፈተና ያልፋልና፥ ሙሉ ዕቃ ከመግዛት አንዲት ትንሽ የማጽኛ ጣሳ መግዛት ብቻ ይበቃዋል።

ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ሰው ራሱ ይህን ሳይማር በፊት፥ ከአንድ መኪና ሥራ የተረፈ የሦስት ዓመት ክሊር በአሮጌ ሞተር ብስክሌቱ ታንከር ላይ አስረጭቶ፥ ለአንድ ወር ያህል በውበቱ ሲመካ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ቤንዚን ሲሞላ በክዳኑ ዙሪያ የፈሰሰው ጥቂት ጠብታ፥ በጨርቅ ሳይጠረግ እስኪደርቅ ብቻ ቈይቶ፥ በቅቡ ላይ እንደ ጨረቃ ክብ የሆነ ጠባሳ ትቶ ሄደ። በክረምቱ መጨረሻ ክሊሩ ከክዳኑ ጀምሮ ሲላጥ፥ አብሮት ቀለሙን፥ ቀለሙም አብሮት ሥራውን ሁሉ ወሰደ፤ ስቱኮው እንደ ገና ተፍቆ፥ ብረቱ እንደ ገና ተገልጦ፥ ሁሉ ከመጀመሪያው ተጀመረ። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት በዚያ ታንከር ላይ ተፈጸመ።

የአካላቱ ልዩነት

ሞተር ብስክሌት አንድ አካል አይደለም፤ በአንዱ ላይ ይቅር የሚባለው ጥፋት በሌላው ላይ የማይሰረይ ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደው ታንከሩ ነው። በክዳኑ ዙሪያ ቤንዚን ይነካዋል፥ በጎኑ የነጂው ጕልበት ያሸዋል፥ በላዩ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወርድበታለች፤ የፊት ፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያም ከመሪው ላይ ስለሚንጠለጠል፥ በግላይኮል የተሠራው የተለመደው የፍሬን ዘይት በፈሰሰበት ዕለት ቀለም ከሚፈጁት ነገሮች ሁሉ ብርቱውን ይቀበላል። ስለዚህ በታንከር ላይ የከረመ ማጽኛ በምንም ምክንያት አይገባም፤ የከረመ ሙጫም ቢሆን ፈተናውን በአዲስ ማጽኛ ካላለፈ አይገባም። ከመረጨቱ በፊትም ታንከሩ ከቤንዚንና ከትነቱ ፈጽሞ መጽዳት እንዳለበት ማንም አይዘንጋ፤ ባዶ የሚመስለው ታንከር ከሙሉው ይልቅ ለእሳት የቀረበ ነው።

የጎን ክዳኖችና ፓራፋንጎዎች ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ናቸው፤ በውስጥ ገጻቸው ኤቢኤስ ወይም ፒፒ የሚል ጽሑፍ ተቀርጾ ይገኛል። ኤቢኤስ ቅብን በቀላሉ ይቀበላል፥ ነገር ግን ብርቱ ቲነር ሊያሳምመው ይችላል፤ ፒፒ ግን የፕላስቲክ መያዣ ቅብ ካልቀደመለት አዲሱንም አሮጌውንም ክሊር እኩል ይተፋዋል። ቤንዚን እምብዛም ስለማይነካቸው፥ ፈተናውን ያለፈ አሮጌ ክሊር በትክክል የሚያገለግለው በእነዚህ ላይ ነው። በላያቸው ተለጣፊ ጽሑፍ ካለ፥ የመጀመሪያው ርጭት ስስና ደረቅ ያለ ይሁን፤ ብዙ ቲነር የጠጣ ክሊር በአንድ ጊዜ ሲወርድበት ተለጣፊው ይጨማደዳልና።

የተወለወለ አሉሚኒየም፥ ማለት የሞተሩ የጎን ሽፋንና የፊት ሹካው የታችኛ ክፍል፥ ብዙዎችን ያሳስታል። ክሊር በተወለወለ ብረት ላይ የሚይዝበት ሻካራ ነገር አያገኝም፤ ከጊዜ በኋላ አንድ ጠጠር በነካው ቦታ እርጥበት ገብቶ፥ ከክሊሩ ሥር እንደ ምስጥ መንገድ የተጠማዘዘ ነጭ ዝገት ይሄድበታል። በአሮጌ የጃፓን ሞተር ብስክሌቶች ላይ የፋብሪካው ክሊር እንኳ ቢጫ ሆኖና እንዲህ ተበልቶ መታየቱ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። በክሮም ላይ ክሊር መርጨት ከንቱ ድካም ነው፤ በማርሚታና በሲሊንደር ላይም ሙቀቱ የዩሬታንን ዐቅም ስለሚያልፍ ለከፍተኛ ሙቀት የተዘጋጀ የሲሊኮን ቅብ እንጂ ክሊር ስፍራ የለውም። ቸርኬና ሻሲ ግን ተፈትኖ ያለፈውን አሮጌ ክሊር ያለ ብዙ ሥጋት ይቀበላሉ።

በዚህ ስፍራ «አሮጌ ክሊር» የሚለው ቃል ሌላ ትርጓሜ እንዳለውም ማስታወስ ይገባል፤ እርሱም አስቀድሞ በአካሉ ላይ ተቀብቶ ያረጀው ክሊር ነው። መላጥ የጀመረ ክሊር በአዲስ ክሊር አይሸፈንም፤ አዲሱ የሚይዘው አሮጌውን ነውና፥ አሮጌው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ያልተላጠው ግን በ800 ቍጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ታሽቶ፥ ከሰምና ከሲሊኮን ከጸዳ በኋላ አዲስ ድርብ ሊቀበል ይችላል። የነበረው ቅብ ባለ አንድ ጣሳ ሆኖ ሚጠት ያለበት ከሆነ ግን፥ የአዲሱ ክሊር ቲነር ከሥር ገብቶ ሊያኰማትረው ስለሚችል፥ በቲነር ጨርቅ አስቀድሞ መፈተን ይበጃል።

አየርና ከፍታ

የፀሐይ ብርሃን ቅብን የሚያረጅበት ክፍሉ ለዐይን የማይታየው ጨረር ነው፤ ይህም ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከመቶ 10 ያህል እየበረታ ይሄዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የምትገኝ ከተማ እንደ መሆኗ፥ በዚህች ከተማ ውጭ የሚውል ታንከር በባሕር ዳርቻ ካለው ይልቅ ብርቱ ጨረር ይወርድበታል። ጨረሩን የሚከላከለው በሙጫው ውስጥ የተጨመረው መድኅን ነው፤ የመድኅኑ ኀይል ግን በቅቡ ውፍረት ይወሰናል። ደርቆ 50 ማይክሮን ያህል ሊሆን የሚገባው ቅብ፥ ማለት የአንድ ጠጕር ውፍረት እንኳ የማይሞላው፥ በግማሽ ከቀነሰ ጥበቃውም አብሮ ይቀንሳል። የትርፍ ጣሳ የተሰወረ አደጋውም ይህ ነው፤ ሠራተኛው ክሊሩ እንዲበቃው ሲያሳሳ፥ ያለ እርጅናም ቢሆን ጥበቃውን አጕድሎ ይሄዳል። ጣሳው ሁለት ሙሉ ድርብ የማይሞላ ከሆነ ሥራውን አለመጀመር ይሻላል።

ክረምት ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ ውሃ በተሸከመበት ጊዜ የሚከፈት የማጽኛ ጣሳ በአንድ ከሰዓት በኋላ ብዙ ያረጃል፤ ቲነሩ ሲተን የቅቡ ገጽ ስለሚቀዘቅዝም፥ ባለ አንድ ጣሳ ክሊር በተለይ እንደ ወተት ጭጋግ ይለብሳል። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ የጽናቱ ሥራ ሊቆም ይቀርባልና፥ በምሽት የተረጨ ታንከር እስከ ማለዳ በተቀባበት ሁኔታ ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ በደጋ አገር ተገቢው ሰዓት ረፋድ ነው፤ በድርብና በድርብ መካከልም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መጠበቅ፥ በላዩ ላይ ቸኵሎ በመድረቅ ቲነሩን ከሥር የሚያፍነውን ስሕተት ያስቀራል።

የሠራተኛው ጤና

እስካሁን የተናገርነው ስለ ብረት ነበር፤ ሰው ግን ከብረት ይበልጣል። አይሶሳያኔት በርጭት ጊዜ ወደ ሳንባ የገባ እንደ ሆነ አስም ሊያስከትል ይችላል፤ አንድ ጊዜ ሰውነቱ የተቈጣበት ሠራተኛ፥ ከዚያ በኋላ እጅግ ጥቂት መጠን እንኳ ቢነካው ሕመሙ ይነሣበታል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም በማጽኛ ውስጥ ላለው ኤችዲአይ ለተባለው አይሶሳያኔት በሥራ ቀን የሚመክረው ወሰን ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 0.005 ክፍል ብቻ ነው፤ ይህን ያህሉን አፍንጫ አያውቀውምና፥ «ሽታ የለውም» ማለት «አደጋ የለውም» ማለት አይደለም። በጨርቅ አፍንጫን መሸፈን ከንቱ ነው፤ ታማኙ መከላከያ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ ጭምብል ነው፤ እርሱን ያላገኘ ሰው የርጭቱን ሥራ ላለው ቢተውለት ማስተዋል እንጂ ስንፍና አይባልበትም። እጅና ክንድም መሸፈን አለባቸው፤ መርዙ በቆዳም በኩል ሰውነትን ያስቈጣልና።

አንዳንዶች ማጽኛው ስላረጀ መርዙም ያረጀ ይመስላቸዋል። ይህ ሐሳብ ስሕተት ነው፤ ክሊሩን ለማጽናት ያነሰው ኀይል ሳንባን ለመጕዳት ገና በቂ ሊሆን ይችላል። ያለፈበትን ትርፍም ወደ ቦይና ወደ ወንዝ መድፋት ጥፋቱን ለጎረቤት ማስተላለፍ ነው።

ፍርዱ

እንግዲህ ሦስቱን ጥያቄዎች በየስፍራቸው እንመልስ። ባለ አንድ ጣሳ ክሊር፥ አዲስም ሆነ አሮጌ፥ ቤንዚን ለሚነካው አካል አይገባም፤ ቤንዚን በማይደርስበት ትንሽ አካል ላይ ግን እርጅናው ብቻውን አይኰንነውም። የባለ ሁለት ጣሳው ክሊር ሙጫ፥ ቢከርምም፥ ጠርቶና ተፈትኖ ከተገኘ ከአዲስ ማጽኛ ጋር ያገለግላል። የተከፈተና የከረመ ማጽኛ ግን፥ የጠራ ቢመስልም፥ በታንከር ላይ አይታመንም፤ በጎን ክዳንና በሻሲ ላይ እንኳ ፈተናውን ካላለፈ አይገባም። የደፈረሰው፥ የተነፋውና የጓጐለው ያለ ክርክር ይወገዳል። በዚህ ፍርድ የማይስማማ ሰው ቢኖር፥ ሒሳቡን ራሱ ያስላው፤ በዕድሳት ሥራ የሚከብደው የክሊሩ ዋጋ ሳይሆን፥ ከክሊሩ በፊት ያለፈው የማሸት፥ የስቱኮ፥ የዝገት መከላከያና የቀለም ድካም ነው፤ ክሊሩ ሲከዳ ይህን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። የሰው ንብረት የሚቀባ ባለሙያ ደግሞ፥ ከትርፍ ጣሳ የሚቀባ መሆኑን አስቀድሞ ለባለቤቱ መንገር ይገባዋል።

የቀለም ሥራ ወዳጆች የሆናችሁ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ፤ ዛሬ የማጽኛ ጣሳ ስትከፍቱ የከፈታችሁበትን ቀን፥ ወርና ዓመት በማይለቅ ቀለም በጣሳው ሆድ ላይ ጻፉ፤ የተረፈውንም አየር ወደማይገባበት፥ እስከ አፉ ወደሚሞላ ትንሽ የብረት ዕቃ ገልብጣችሁ፥ በዚያም ላይ ያንኑ ቀንና የማጽኛውን ስም ጻፉበት።